የሰማይ ጠጋኟ ጥርስ

መጀመሪያ ወረቀቱን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ሻካራው ገጽ ወደ ታች፣ ለስላሳው ወደ ላይ። ማስመሪያዋን አጋድማ በጠንካራ እርሳስ ጥንድ ጥንድ መስመር ትስባለች፤ እጇ ስለማይጫን መስመሩ ከእሷ ሌላ ለማንም አይታይም። የብረት ብዕሯን ቀለሙ ውስጥ ነክራ የጠርሙሱ አፍ ላይ አንዴ ታራግፈዋለች። ጽሑፉን ከላይ አትጀምርም። ከመሐል ነው የምትጀምረው፤ ረጅሙን መስመር ታስቀድምና አጫጭሮቹን ከበላዩና ከበታቹ ታስከትላለች፣ ሆዱ የሰፋ፣ ራሱና እግሩ የጠበበ እንዲሆንላት። «ጨ» እና «ሠ» ተንፈላሰው ይቀመጣሉ፤ «ነ» እና «ተ» ጠጋ ጠጋ ይላሉ። ቀለሙ ሲደርቅ ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ ትከበውና ከታች ቀጭን ጭራ ታወጣለታለች። ጭራው የተናጋሪውን አፍ መጠቆም አለበት፤ ከሳተ ሌባው የዳኛውን ቃል፣ ዳኛው የሌባውን ቃል ይናገራል። ከዚያ በምላጭ ትቆርጠዋለች። የምታዞረው ምላጩን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ከጀርባው ዳር ዳሩን ብቻ የዱቄት ሙጫ ታስነካዋለች፣ አለቃዋ ሐሳቡን የቀየረ እንደሆነ ሳይቀደድ እንዲላቀቅ። በሁለት ጣቷ አንስታ ሥዕሉ ላይ ታሳርፈውና ከመሐል ወደ ዳር ትጫነዋለች።

በማተሚያ ቤት ቋንቋ ይህ ነገር ፊኛ ይባላል። በሥዕል በሚተረክ ታሪክ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚናገረው በፊኛ ነው። ዕድሜዋን በዚህ ሥራ ስለፈጀች እሷንም እትዬ ፊኛ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የማተሚያ ቤቱ ወንዶች ናቸው። «እትዬ ፊኛ፣ ፊኛሽ አልሞላም?» እያሉ ይስቁ ነበር። «የኔ ቢሞላ ወረቀት ላይ ነው የማፈሰው፤ አንተ ሱሪህን ጠብቅ» ስትላቸው ሳቁ ቆመ፣ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀረ።

ፊደል ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ የሱቅ ታፔላ ይጽፉ ነበር። «ፊደል እንደ ጎረቤት ነው፤ ካልተገፋፋ ተከባብሮ ይኖራል» ይሏት ነበር። እሷ ግን ከፊደል ጋር እንጂ ከጎረቤት ጋር ተከባብሮ መኖሩ ብዙም አልሆነላትም። ቅናተኛ ነች። ይህን የሚያውቃት ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቀው አንድ ሰው ቢኖር ባሏ ነበር።

ባሏ ሠዓሊ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት «ሰባት በአንድ» ለሚባል መጽሔት ነበር። መጽሔቱ በአንድ ሽፋን ሰባት ታሪክ ይይዛል። ከክብሪት እንጨት የሚያንስ ሰው መርማሪ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ወንጀለኛ ያሳድዳል። ከብረት የተሠራ አስተናጋጅ ከሌላ ዓለም ለመጡ እንግዶች ሾርባ ያቀርባል። ካፖርቱን ሲገለብጥ ከዓይን የሚሰወር መምህርም ነበር። ታሪኮቹን የሚደርሰው አለቃው ነው፤ ታይፒስቷ ትተይባለች፤ ሠዓሊው ይሥላል፤ በመጨረሻ እትዬ ፊኛ ለሁሉም አፍ ትሰጣቸዋለች። ሌላው ሰው ሠርቶ ጨርሶ ካልሄደ የእሷ ሥራ አይጀመርም።

ታዲያ አንድ ቀን አለቃው «ጀግኖቻችን ሁሉ ወንድ ሆኑ» አለና የሰማይ ጠጋኟን ፈጠረ። ሰማዩ በተሸነቆረ ቁጥር ከብርሃን የተፈተለ ክርና ክንዷን የሚያክል መርፌ ይዛ ወጥታ የምትሰፋ ሴት ናት። ጠላቷ አቶ ባዶ ነው፤ በሄደበት ሁሉ ሰማዩን በጣቱ ይበሳል። ሠዓሊው የመጀመሪያውን ገጽ ሲያመጣላት እትዬ ፊኛ ምላጯን ይዛ ነበር። ጠጋኟ ከደመና ላይ ቆማ ትስቃለች። ከላይኞቹ ጥርሶቿ መሐል ክፍተት አለ።

ፍንጭት።

በዚያ ማተሚያ ቤት ፍንጭት የነበራት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ታይፒስቷ። የተየበችውን ይዛ እትዬ ፊኛ ክፍል ስትገባ ፍንጭቷ ከሳቋ ቀድሞ ይገባ ነበር። ዓይኗ ስትስቅ ይጠባል፤ የጠጋኟም ዓይን ጠቧል። እትዬ ፊኛ ሥዕሉን አየች፣ ባሏን አየች፣ ተመልሳ ሥዕሉን አየች። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ለእሷ የገባው ግን በጥርስ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ታይፒስቷ ጥርሷ ውስጥ ገባች።

የተጣላች አልመሰለችም። ሳህን አልሰበረች፣ እናቷ ቤት አልሄደች። ፊኛውን አሰፋችው፣ በቃ። ከጠጋኟ ራስ በላይ ባዶ ሰማይ እያለ፣ ፊኛውን ወደ ታች ስባ አፏ ላይ ለጠፈችው። ጭራውን ከጎን አዙራ ጉንጯ ላይ አስቀረችው። ዓይንና አፍንጫ ቀረ፤ ጥርስ ጠፋ።

ባሏ ገጹን ከፍ አድርጎ ብርሃን ላይ አየው። «ፊኛሽ ወፍሯል» አለ።

«ቃሏ በዝቶ ነው።»

«ይሁን» አለና ፈገግ ብሎ ሄደ። ያቺ ፈገግታ ለዓመታት ስታንገበግባት ኖረች። ገብቶት ነው፣ አፍሮ ነው አለች።

አለቃው ግን ገጹን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይኼ ነው! አፏ አይታይም! ለምን አይታይም? አቶ ባዶ ድምፅዋን ሊሰርቅ ስለሚፈልግ ነው!» አለና በሚቀጥለው እትም እንዲሁ አድርጎ ደረሰው። አንባቢም ወደደው። በአውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ስለጠጋኟ አፍ ሲከራከሩ እትዬ ፊኛ በጆሮዋ ሰምታለች። አንዱ ጥርሷ አልማዝ ነው ይላል፤ ሌላው አፍ ጭራሽ የላትም ይላል። እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና መስኮቱን ታያለች። አፍማ አላት። እንዴት ያለ አፍ።

አንድ ቀን ታይፒስቷ ራሷ መጣች።

«እትዬ ፊኛ፣ የጠጋኟ አፍ ሁልጊዜ ለምንድነው የሚሸፈነው?»

«ቃሏ እየረዘመ ነዋ። አሳጥረሽ ብትተይቢው ይታይ ነበር።»

«እኔ የተሰጠኝን ነው የምተይበው።»

«እኔም የተሰጠኝን ነው የምለጥፈው።»

ታይፒስቷ ሳቀች። ያ ፍንጭት እንደገና ተከፈተ። እትዬ ፊኛም ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ከጥርስ አላለፈም።

ጥቂት እትሞች እንዳለፉ ሠዓሊው የጠጋኟን አፍ መሣል ተወ። ገጹ ሲመጣ ከአፍንጫዋ በታች ነጭ ወረቀት ነው። «አንቺ ስለምትሸፍኚው» አለ። እትዬ ፊኛ ነጩን ቦታ አፍጥጣ አየችው። ካልሰረቀ ምን አስደበቀው? ንጹሕ ሰው አፍ ይደብቃል? ፊኛዋን ለጠፈችበት፤ ከመሐል ወደ ዳር ተጫነችው፤ ጥርሷን ነክሳ።

መጽሔቱ ቆመ፤ አለቃውም አረፈ። ታይፒስቷ ሌላ ሰፈር ገባች። ባልና ሚስቱ አረጁ፤ የድሮዎቹ ገጾች ቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀመጡ። ቅናት ግን አያረጅም፤ እንዲያውም ሲቆይ ይጠነክራል።

በቅርቡ አንዲት ወጣት አሳታሚ ቤታቸው መጣች። የ«ሰባት በአንድ»ን ምርጥ ታሪኮች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስባ ልታወጣ ነው። ሠዓሊውን «ጋሼ»፣ እሷን «እትዬ» እያለች በሁለቱም ፊት ተሽቆጠቆጠች። የመጀመሪያውን የጠጋኟን ገጽ ከጨርቁ ስታወጣ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ወደቀ። ፊኛው ነው። ሙጫው ደርቆ ለቀቀ።

አሳታሚዋ አፏን ይዛ ቀረች። «እትዬ... ይህን የመሰለ ጥርስ ሸፍናችሁት?»

እትዬ ፊኛ ከወንበሯ አልተነሣችም። ከሩቅም ታውቀዋለች።

«ታይፒስቷን አግኝቻት ነበር» አለች አሳታሚዋ። «ጠጋኟ እኔ ነኝ፣ አፌን ስለሸፈኑት ነው እንጂ ሁሉም ያውቀኝ ነበር አለችኝ። ስቄባት ነበር። እውነቷን ነው ለካ! ጋሼ፣ ሁሉም ፊኛ መነሣት አለበት። ቃሉን በኮምፒውተር ከላይ እናስቀምጠዋለን። እትዬ፣ ሙጫው ያንቺ ስለሆነ አላቅቂልኝ፤ እኔ ብነካው እቀደዋለሁ።»

አሳታሚዋ በሳምንቱ መጨረሻ ልትመለስ ቀጥራ ሄደች።

እንግዲህ ተመልከቱት። ዕድሜ ልኳን የጻፈችው ፊደል ሊጣል ነው፤ ዕድሜ ልኳን የሸፈነችው ጥርስ ሊታይ ነው። ያቺ ሴት መጽሐፉን ገዝታ፣ መስታወት ፊት ቆማ ታመሳክረዋለች። ለጎረቤት ታሳያለች። እትዬ ፊኛ ዕቃ ስታጥብ አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ገጾቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ና እስቲ ወዲህ፣ አንተ ሰውዬ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እሱን ላሳይህ ነው።»

ሠዓሊው መነጽሩን ፈልጎ መጣ። እሷ የጠጋኟን ገጽ በቀኝ በኩል አስቀመጠች፤ የሌሎቹን ስድስት ታሪኮች ክምር በግራ። ነገሩን በልቧ ስትሰናዳበት ነው ያደረችው። ይህች ሴት ብቻ ለምን ፍንጭት ሆነች? ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ሌላ ፍንጭት ቢገኝ፣ ዝም ትላለች። አይገኝም። ስለማይገኝ፣ ዛሬ ባሏ በመጨረሻ እውነቱን ይናገራል።

«የሚስቁትን ብቻ ነው የማሳይህ» አለችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። መርማሪው ወንጀለኛውን ይዞ ይስቃል። ጥርሶቹ መሐል ክፍተት አለ።

ቶሎ ብላ ገለበጠችው። አጋጣሚ ነው። የሚሰወረው መምህር ተማሪዎቹን አሳስቆ ራሱም ይስቃል፤ ፍንጭት። ዳኛው፤ ፍንጭት። የዳኛው ውሻ። በቀኝ በኩል ባለው ገጽ አቶ ባዶ ራሱ፣ ሰማዩን ሲበሳ። የብረቱ አስተናጋጅ ሾርባውን ይዞ ገጥጦ ይታያል፣ ከብረት ጥርሶቹ መሐል አንድ ጥቁር ክፍተት። ከሌላ ዓለም የመጡት እንግዶች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት አፍ አላቸው፤ ሦስቱም ፍንጭት።

እነዚህን ሁሉ አፎች እሷ ናት ጭራ የጠቆመችላቸው። ስትጠቁም ቦታቸውን እንጂ ጥርሳቸውን አላየችም። ዕድሜዋን ሁሉ የተመለከተችው አንድ አፍ ብቻ ነው።

«ይኼ ምንድነው?» አለች፣ ጣቷን ብረቱ ላይ አድርጋ።

«ጥርስ ነዋ።»

«ብረት ፍንጭት አለው?»

ሠዓሊው መነጽሩን አወለቀ። ዕድሜውን ሁሉ የፈራው ጥያቄ መጣበት። «ጥርስ መሥራት አልችልም» አለ። «ምን ላድርግ? አንድ ነጭ ሰሌዳ አወጣለሁ፣ ጥርስ እንዲመስል መሐሉ ላይ መስመር አሰምራለሁ፤ መስመሩ ይወፍርብኛል። በመምህሬ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ‹ሁሉንም የአንድ እናት ልጅ አደረግካቸው› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን እነግርሻለሁ? አንቺ ቀድመሽ አይተሽው የለ። ያቺ ጠጋኝ በትልቁ የምትታይ ናት፤ ጉዴ ሊወጣ ነው ብዬ ስፈራ፣ ፊኛውን አስፍተሽ ሸፈንሽልኝ። ወፍሯል ስልሽ ቃሏ በዝቶ ነው አልሽ። ይህች ሴት ገመናዬን የምትሸፍነው እኔን እንኳ ሳታሳፍር ነው አልኩ።» ገጹን አስተካክሎ አስቀመጠው። «ከዚያ ወዲያ አፏን ለምን እሥላለሁ? ላንቺ ተውኩልሽ።»

እትዬ ፊኛ ተቀመጠች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጭራ ብታወጣለት፣ ክብ ብትሠራለት ይወጣ ነበር።

«እንዴታ» አለች። «ባልና ሚስት ለመቼ ነው።»

ሠዓሊው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሻይ ሊጥድ ሄደ። እሷ ከብረቱ አስተናጋጅ ጋር ተፋጥጣ ቀረች። ስለታይፒስቷ ስታስብ ሌላ ነገር መጣላት፦ ያቺ ሴትም እኮ ጠጋኟ እኔ ነኝ ብላ ዕድሜ ልኳን ኮርታለች፤ የውሻው፣ የብረቱ፣ የዳኛው እህት መሆኗን ሳታውቅ። ልትነግራት አሰበች። ከዚያ ተወችው፤ ለዚያች ሴት አዝና ግን አይደለም። ይህን ለብቻዋ ማወቁ እንደ ከረሜላ ጉንጯ ውስጥ ጣፈጣት።

አሳታሚዋ በቀጠሮዋ ተመለሰች። እትዬ ፊኛ እርጥብ ጨርቅ አዘጋጅታ ከኋለኞቹ ገጾች አንዱን ፊኛ በፊቷ አላቀቀችላት። ሥሩ ባዶ ወረቀት ነው። ሌላ አላቀቀች፤ እሱም ባዶ።

«አፍ የለም?» አለች አሳታሚዋ።

«የመጀመሪያዎቹ ላይ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ፊኛዬ ነው አፏ። ካነሣሽው ፊት አልባ ሴት ታትሚያለሽ።»

አሳታሚዋ ገጾቹን ገለባበጠች፣ አሰበች፣ ተሸነፈች። ፊኛዎቹ ይቆያሉ። የወደቀው ግን ከነጥርሷ ይታተማል፤ አንድ ገጽ ብቻ፤ ፊኛው ከራሷ በላይ፣ ባዶው ሰማይ ላይ ተነሥቶ ይለጠፋል። እትዬ ፊኛ አንድ ገጽ መስጠቱ እንደ እሾህ ወጋት፣ ግን ሰጠች።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ አሳታሚዋ መግቢያውን ባታነብላቸው። «ሠዓሊው የጀግናዋን አፍ በረቂቅ ጥበብ ከዓይናችን ሰወረ፤ ያልተሣለው ከተሣለው በለጠ» ይላል።

«ጋሼ፣ አፏን የመሸፈኑ ሐሳብ እንዴት መጣልህ?»

ሠዓሊው ሚስቱን በስርቆት አየት አደረገ። ጥርስ መሥራት አልችልም ብሎ በመጽሐፍ ሊወጣ አይፈልግም። «እንግዲህ...» አለ፣ አገጩን እያሻሸ። «ሥራው ራሱ ነው የሚመራህ።»

እትዬ ፊኛ ደሟ ፈላ። ታይፒስቷ ላይ ያልፈላው ደም አሁን ፈላ። ስንት ዓመት የተቃጠለችው እሷ፤ ምላጩን የያዘችው እሷ፤ ጥበበኛ የተባለው እሱ። ይህ ሰውዬ ቅናቴን እንኳን ቀማኝ አለች በልቧ።

«እኔ ነኝ የሸፈንኩት» አለች።

አሳታሚዋ ብዕሯን አነሣች። «አንቺ ነሽ? ለምን ሸፈንሽው?»

ሠዓሊው አንገቱን ደፋ፤ ገመናው ሊወጣ ነው ብሎ። እትዬ ፊኛ ሁለቱን መዘነች። የእሱን ብትናገር አሳፈረችው፤ የራሷን ብትናገር ያቺ ፍንጭት መጽሐፉን ይዛ ትስቃለች። ጥበቡን ለመውሰድ ቅናቷን አምና መፈረም አለባት።

«የሸፈነችው ሚስቱ ናት ብለሽ ጻፊ» አለች። «ለምን የሚል ከመጣ ወደ እኔ ላኪው።»

«እትዬ፣ መግቢያው ማተሚያ ቤት ገብቶ አልቋል፤ ስምሽን እጨምራለሁ፣ ከዚያ በላይ ቦታ የለኝም።» አሳታሚዋ ገጹን ተመለከተች። «እዚህ የወደቀው ገጽ ግርጌ ላይ ግን የተራኪው ቃል የሚጻፍበት ሳጥን ባዶ ነው፤ ጽሑፉ ድሮ ጠፍቷል። ደስ ያለሽን ጻፊበት።»

ለዚህ ነው እትዬ ፊኛ ዛሬ ጠዋት ከብዙ ዘመን በኋላ ብዕሯን የነከረችው። መጀመሪያ የወደቀውን ፊኛ እንደገና ጻፈች፤ ጠጋኟ አቶ ባዶን የምትለው እንዲህ ነው፦ «ሰማዩን እኔ እጠግነዋለሁ፤ አንተ ጣትህን ሰብስብ።» ከፍ አድርጋ ባዶው ሰማይ ላይ ለጠፈችው። ጭራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ወደ አፏ አወረደችው። ጥርሷን አየችው፤ የውሻው ጥርስ ነው። ቢሆንም አላማራትም።

ባሏ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ «ሳጥኑ ላይ ምን ልትጽፊ ነው?» አላት።

«አንተን አይመለከትም። ሻይህን ጠጣ።»

ከዚያ ከመሐል ጀምራ፣ ረጅሙን መስመር አስቀድማ፣ መጽሐፉን ለሚገልጠው ሰው ይህን ጻፈች፦

«አንባቢ ሆይ፣ ጥርሷን መቁጠሩ ይቆይህ። መጀመሪያ ያለችውን አንብብ፤ አደራ።»